ብሉዝ ሮክ በፍላሽ፦ ደሴ ፒያሳ ያለችው ሙዚቃ መጫኛ ሱቅ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር በምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ብሉዝ ሮክና ጃም ባንድ በወጉ ተደርድሮ ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይሆንም። ሱቋ ፍላሽና ሜሞሪ ላይ ሙዚቃ ከሚጭኑት አንዷ ናት፤ ከሌሎቹ የሚለያት ግን ባለቤቱ የውጭውን ሙዚቃ «ሮክ» በሚል አንድ ፎልደር ከማጨቅ ይልቅ፣ የትኛው ባንድ ከየትኛው እንደወጣና የትኛው ሙዚቀኛ ወዴት እንደተሻገረ ተከትሎ መደርደሩ ነው። የስልክ መተግበሪያዎች «ተመሳሳይ» እያሉ የሚያቀርቡት ዝርዝር ብዙውን ጊዜ ጊታሩ ስለጮኸ ብቻ የሚቀራረቡ ዘፈኖችን ስለሚሰበስብ፣ የዚህን ሰው አደራደር እመርጣለሁ።

መነሻው ኦልማን ብራዘርስ ባንድ ነው። በ1969 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል የተመሠረተው ይህ ባንድ ሁለት መሪ ጊታሪስቶችና ሁለት ድራመሮች ነበሩት። በማርች 1971 በኒውዮርኩ ፊልሞር ኢስት አዳራሽ ተመልካች ፊት በተቀዳው አልበም የመጨረሻው ዘፈን ብቻ 23 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ግጥሙ ቶሎ ያልቅና ቀሪውን ጊዜ ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ እየተደማመጡ እዚያው መድረክ ላይ ይፈጥሩታል። ጃም ባንድ የሚባለው ምን እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። የባንዱ ጊታሪስት ዱዌን ኦልማን ጣቱ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ አጥልቆ ክሩ ላይ ሲያንሸራትት ድምፁ ሳይዘል እየተሳበ ስለሚሄድ፣ ማሲንቆ ለለመደ የወሎ ጆሮ ባዕድ አይሆንም። የብሉዝ ጊታሪስቶች የሚያዘወትሩት ሚኒር ፔንታቶኒክ የተባለው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝትም አምስቱን ድምፆች ከባቲ ሚኒር ጋር ይጋራል። ይህን ስል ብሉዝ ከባቲ ወጣ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ወሬ በካፌዎቻችን ከበቂ በላይ ይወራል። ዱዌን አልበሙ በወጣ በጥቂት ወራት፣ በ24 ዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ።

ቀጣዩ ፎልደር ገቨመንት ሚዩል ነው፤ በ1989 ኦልማን ብራዘርስን የተቀላቀለው ዋረን ሄይንስ ከቤዝ ተጫዋቹ አለን ዉዲና ከድራመሩ ማት አብትስ ጋር በ1994 የመሠረተው ሲሆን፣ ድምፁ ከአባቱ ከኦልማን ብራዘርስ ይከብዳል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቴዴስኪ ትራክስ ባንድ የባልና ሚስት ቤት ነው። ዴሪክ ትራክስ የኦልማን ብራዘርስ ድራመር የቡች ትራክስ የወንድም ልጅ ሲሆን፣ ከባለቤቱ ከሱዛን ቴዴስኪ ጋር በ2010 ያቋቋመው ይህ ባንድ በመጀመሪያ አልበሙ የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ትራምፔትና ሳክስፎን በሞላው የአገራችን ሙዚቃ ላደገ አድማጭ በቅድሚያ የምመክረው ይህንን ነው፤ የ23 ደቂቃው ዘፈን ቆይቶ ይደርሳል።

ግሬትፉል ዴድን በሚመለከት ግን ሱቋ ደካማ ናት። ይህ የካሊፎርኒያ ባንድ ታዳሚዎቹ ኮንሰርቱን ቀድተው ያለ ክፍያ እንዲለዋወጡ ይፈቅድ ስለነበር ዝናው በአብዛኛው የቆመው በእነዚያ ቅጂዎች ላይ ነው፤ እዚህ ያሉት ግን የስቱዲዮ አልበሞቹ ብቻ ናቸው። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ የሚገለበጠው ሞልቶ የተፈቀደው መጥፋቱ አስገራሚ ነው። ሌላው የአሜሪካ ጃም ባንድ ፊሽ ደግሞ በስም ብቻ አለ ማለት ይቻላል።

የድምፅ ጥራቱም ይለያያል። ቦታ ለመቆጠብ ከመጠን በላይ የተጨመቁ ፋይሎች ስላሉ የሁለቱ ድራመሮች ጸናጽል ተቀላቅሎ ይሰማል፤ የመድረክ ቅጂዎቹም በፊደል ተራ ስለሚጫኑ የኮንሰርቱ ቅደም ተከተል ይፈርሳል። ይህንን ሳነሳ ባለሱቁ «አብሽር ጋሼ፣ በቁጥር አስተካክዬ እጭንልዎታለሁ» ብሎ እንዳለው አድርጎታል፤ ሳይጠየቅ ግን አያደርገውም። ስለዚህ የሚሄድ ሰው ሰፋ ያለ ፍላሽ ይዞ፣ ያልተጨመቀውን ቅጂ በግልጽ ጠይቆ፣ ሱቋ ከምትጨናነቅበት የሰኞ ገበያ ቀን ውጭ ቢሄድ ይሻለዋል።