«ደረቅ መኖ የለመደ» የሚባለውን የአምባዛ ዓሣ ጫጩት ሳታዩ እንዳትገዙ (ደሴና ኮምቦልቻ ላላችሁ)

ወገን፣ ሰሞኑን ለዓሣ ኩሬ ጓሯችሁን ቆፍራችሁ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ ፕላስቲክ) የምታነጥፉ ስለበዛችሁ ነው የምጽፈው። የእኔን 12,000 ብር ውሃ በልቶታል።

ተራው ጫጩት 15 ብር ነበር፣ «ደረቅ መኖ የለመደ» የተባለው 30። ሻጩ ደሴ ላይ ሳፋ ውስጥ አሳየኝ። የመኖ ፍርፋሪ ቆንጠር አድርጎ ሲበትን ውሃው ፈላ! እኔም ሌላ ሳልጠይቅ 400 ጫጩት (እሱ በጣሳ ሰፍሮ «400 ነው» ያለኝን ማለቴ ነው) ይዤ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጣቱ ላይ ደም ነገር አይቼ ነበር። ሥጋ ሲከትፍ የቆየ መስሎኝ አለፍኩት።

እቤት ሲደርሱ መኖውን ይጎርሱና መልሰው ይተፉታል። የተተፋው ታች ወርዶ ሸተተ። በሳምንቱ ቁጥራቸው ሲመናመን ይታየኛል፣ የሞተ ግን አንድም አልተንሳፈፈም። መጀመሪያ አሞራ ጠርጥሬ መረብ ጋረድኩ። ቀጥሎ የጎረቤት ልጆችን ጠረጠርኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አንድ ማታ በባትሪ ሳይ ግን አንዱ የሌላውን ግማሽ አካል ውጦ፣ ጭራው ከአፉ ውጭ እየተወራጨ ሲዋኝ አገኘሁት። ጥቂቶቹ ከእኩዮቻቸው እጥፍ አክለዋል። በሦስተኛው ሳምንት ስቆጥር 90 አልሞሉም።

ስደውልለት «የኮምቦልቻ ብርድ ነው» አለኝ። ነገሩ ግማሽ እውነት ስላለበት ነው የሚያታልለው። አምባዛ ደህና የሚበላው ውሃው ከ25 ዲግሪ ከፍ ሲል ነው፣ ሲቀዘቅዝ ምግብ ይቀንሳል። ብርድ ግን ወንድም አያስበላም። የሚያስበላው ረሃብና የመጠን መበላለጥ ነው።

ጫጩቱን ደረቅ መኖ ማለማመድ ሥራ አለው፣ ዋጋውም ለዚያ ነው የሚጨምረው። ከእንቁላል የወጣ አምባዛ ሦስት ቀን ያህል በአስኳሉ ይቆያል። ከዚያ የሚፈልገው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፦ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ፍጥረት) ወይም ከኩሬ የሚጠለሉ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት። ሆዱ ገና ስላልጠና ደረቅ ዱቄት ብቻውን አያሳድገውም። አርቢው ሕያው ምግቡን ሳይነጥቅ ዱቄቱን ያስገባል፣ በየቀኑ አንዱን እየቀነሰ ሌላውን ይጨምራል። በመሃልም ትልልቁን ከትንንሹ እየለየ ለየብቻ ያስቀምጣል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ብትገዙ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፣ ፉርሽካም አልጌም ይበላል። አምባዛ ግን በልጅነቱ አውሬ ነው።

ከጫጩቱ ጋር የሸጠልኝ ጆንያም ጉድ ነው። «የዓሣ መኖ» ያለው፣ የዶሮ አርቢ ጎረቤቴ ገና ሲያሸተው የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ መሆኑን ነገረኝ። እሱ ፕሮቲኑ 17 በመቶ ገደማ ነው። የአምባዛ ጫጩት 50 በመቶ አካባቢ ይፈልጋል፣ ካደገ በኋላ እንኳ 40 ገደማ።

የተረፉትን ለማዳን በሳፋ ላይ ቀዳዳ በስቼ ትልልቁን ለየሁ። ከዚያ ጉበት ፈጭቼ ከደህና መኖ ጋር ለውሼ ሰጠኋቸው። ውሃው ፈላ፣ ልክ ደሴ እንዳየሁት። የሻጩ ጣት ላይ ያየሁት ደም ያኔ ነው የገባኝ፣ ለካ ፍርፋሪውን በደም ነገር ለውሶት ኖሯል። በየሁለት ቀኑ ጉበቱን እየቀነስኩ አሁን ወደ 60 የሚሆኑት ደረቁን ይበላሉ።

ልትገዙ ከሄዳችሁ የራሳችሁን መኖ እፍኝ ታህል በኪሳችሁ ያዙ። ሻጩ ሳይነካው እናንተው በትኑ። ከዚያ አትቸኩሉ፣ አሥር ደቂቃ ቁሙ። መጉረሳቸውን ሳይሆን አለመትፋታቸውን ነው የምታዩት። የተበላ ጭራ ካለ ወይም መጠናቸው የተደበላለቀ ከሆነ ተመለሱ። «ዱቄት የጀመሩት ስንተኛው ቀን ነው? ከምን ጋር ቀላቅለህ?» በሉት። ጫጩቱን በእውነት ያለማመደ ሰው ይህን ሳይጠየቅ ያወራል። የእኔው ሰውዬ በኋላ በስልክ ስጠይቀው ስለ ጾም ገበያ ነበር የነገረኝ።

በጣሳም አትቀበሉ፣ ይቆጠርላችሁ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ሳፋው እዚያው ነበር፣ ዋጋው ግን 35 ገብቷል።