በዚፕ የሚዘጋ የፍራሽ ልባስ ለአለርጂ ምን ያህል ይረዳል?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ካለ የመኝታ ዕቃ መደብር የፍራሽና የትራስ ልባስ የገዛነው ሌሊት ሌሊት በማስነጠስና በአፍንጫ መታፈን ለምትቸገረው ልጃችን ነው። የቆዳ ምርመራው በቤት አቧራ ውስጥ ለሚኖሩ፣ በዓይን ለማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች አለርጂ እንዳለባት ካሳየ በኋላ፣ ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን መኝታዋን እንድናስተካክል መከሩን። ተባዮቹ ከሰው ገላ የሚረግፈውን ቆዳ እየተመገቡ በፍራሽ፣ በትራስና በብርድ ልብስ ውስጥ ይራባሉ፤ አለርጂውን በዋናነት የሚቀሰቅሰውም ኩሳቸው ነው።

መደብሩ «ውሃ የማያስገባ» እያለ የሚሸጣቸው ልባሶች ሁለት ዓይነት ቢሆኑም ልዩነታቸውን ሳይጠይቁ የሚነግር የለም። አንደኛው እንደ አንሶላ ከላይ ተነጥፎ በላስቲክ የሚያዝ በመሆኑ የፍራሹን ሥር ክፍት ይተወዋል፤ ለአለርጂ የሚሆነው ፍራሹን ዙሪያውን የሚውጠውና በዚፕ የሚዘጋው ብቻ ነው። እኛ የወሰድነው ይህኛውን ሲሆን፣ ስፌቱ ጠንካራ፣ የትራሱም ልባስ ለስላሳ ነው። ሆኖም የፍራሹ ልባስ ከውስጥ ስስ ፕላስቲክ ስለተለጠፈበት ሲገላበጡበት ይንኮሻኮሻል፣ በሞቃት ሌሊትም ያልባል። ዚፑ የሚያልቅበት ጥግ ላይ የቀረውን ክፍተት በሰፊ ፕላስተር ደፍነነዋል። ከሁሉ በላይ ቅር ያሰኘኝ ግን ማሸጊያው ስለ ጨርቁ ቀዳዳ መጠን ምንም አለመግለጹ ነው፤ ፕላስቲክ የሌለበት ጨርቅ ከሆነ ቀዳዳው ከ10 ማይክሮሜትር መብለጥ የለበትም።

ልጃችን አሁን በተሻለ ሁኔታ ትተኛለች፤ ነገር ግን ምስጋናውን ለልባሱ ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በብሪታንያ ከ1,100 በላይ አስም ያለባቸው አዋቂዎች የተሳተፉበት ጥናት ልባስ ብቻውን ሕመሙን እንዳላሻሻለ አሳይቷል፤ በ2017 እዚያው በሕፃናት ላይ የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ አስማቸው ተነሥቶባቸው በድንገት ወደ ሆስፒታል የሚሄዱት ልጆች ቁጥር በልባሱ መቀነሱን አረጋግጧል። ስለዚህ አንሶላውንና የትራስ ጨርቁን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቀት እናጥባለን። በእጅ ለሚያጥብ ሰው፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ሁለት እጅ የፈላ ውሃን ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ጋር መቀላቀል ለዚህ ይበቃል። ተባዮቹ እርጥበት ስለሚወዱም በክረምት የታጠበ ልብስ መኝታ ቤት ውስጥ ማስጣት ትተናል። ከኮረኮንቹ መንገድ የሚነሣውን አቧራ ግን ልባሱ አይከለክልም፤ ለእርሱ መስኮት መዝጋትና ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ያስፈልጋል።

ዋጋው ከተራው ልባስ ቢወደድም፣ አለርጂው በምርመራ ለተረጋገጠለት ሰው እንዲገዛ እመክራለሁ። ከመሄድ በፊት የፍራሹን ውፍረት ጭምር መለካት ይገባል፤ ልባሱ ከጠበበ ዚፑ ተወጥሮ ይበጠሳልና።