ለአውቶማቲክ ቪዲዮ ምስል ከየት እንውሰድ? የአምስት ስቶክ ድረ ገጾች ፊልተር ሲነጻጸር

ስክሪፕቱን ቪዲዮ በራሱ የሚያቀናብር መሣሪያ ላይ ትለጥፋላችሁ። መሣሪያው ጽሑፉን ይቆራርጣል፣ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የፍለጋ ቃል ያወጣል፣ ከስቶክ ድረ ገጽ (የተዘጋጀ ፎቶና ቪዲዮ ከሚቀርብበት ገጽ) ክሊፕ ይጎትታል፣ ድምፅ ደርቦ ቪዲዮውን ያስረክባል። ድሬዳዋ ላይ ለሱቅ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጉብኝት ሥራ እንዲህ አድርገው ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች እየበዙ ነው። ደስ ይላል። ካሜራ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ሥራውን ማስተዋወቅ ችሏል።

ችግሩ ያለው ምስሉ ላይ ነው። ስለ ሐረር ቡና እየተወራ የጣሊያን ካፌ ማኪያቶ ይታያል። ስለ ድሬ ባቡር እየተወራ በረዶ የሸፈነው ሐዲድ ይመጣል። አቦ፣ ድሬ ላይ በረዶ! ተመልካቹ ይህን ካየ በኋላ የምትነግሩትን ዋጋም ሆነ አድራሻ በጥርጣሬ ነው የሚሰማው።

በእጅ ስትመርጡ መጥፎውን ክሊፕ አይታችሁ ታልፋላችሁ። አውቶማቲክ ሲሆን ግን መሣሪያው ከላይ ከመጡት ውጤቶች አንዱን አንስቶ ይሄዳል። ስለዚህ መራጩ ፊልተሩ፣ ማለትም የፍለጋው ማጣሪያ ነው። ድረ ገጹ ስንት ሚሊዮን ክሊፕ አለው የሚለውን ተዉት። መጠየቅ ያለበት «የማልፈልገውን እንዳያመጣብኝ በምን ልከለክለው እችላለሁ?» የሚለው ነው። አምስቱን፣ ፔክስልስን፣ ፒክሳቤይን፣ ሹተርስቶክን፣ አዶቢ ስቶክንና ዊኪሚዲያ ኮመንስን፣ ያነጻጸርኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

ነጻዎቹ፦ ፔክስልስ እና ፒክሳቤይ

ሁለቱም ጀርመን ውስጥ የተጀመሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለቱንም ካንቫ ገዛቸው። ሁለቱም ለንግድ ሥራ ጭምር በነጻ ያስጠቅማሉ፤ ያነሳውን ሰው ስም መጥቀስም በፈቃዳቸው ግዴታ አይደለም። ባለቤታቸው አንድ ነው ብላችሁ ግን ፊልተራቸውም አንድ እንዳይመስላችሁ።

ፔክስልስ ጎበዝ የሆነው በቅርጽ ነው። ቪዲዮውን በቁመት፣ በወርድ ወይም በካሬ መለየት ይቻላል። በጥራትም 4ኬ፣ ፉል ኤችዲ እና ኤችዲ ብሎ ያጣራል። ለቲክቶክና ለሪልስ የምትሠሩ ከሆነ የቁመቱ ፊልተር ብቻውን ግማሹን ሥራ ያቀልላችኋል። ፒክሳቤይ በሌላ በኩል ዓይነትን ይለያል። የተቀረጸ ፊልም ነው የምትፈልጉት ወይስ አኒሜሽን? ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ትምህርት፣ ሃይማኖት፣ ሕንጻ እያለ በዘርፍም ይከፍላል። ለትምህርት ቪዲዮ የሚንቀሳቀስ ግራፊክስ ወይም ከአማርኛ ጽሑፍ ጀርባ የሚሆን ዳራ ካስፈለጋችሁ ፒክሳቤይ ይሻላል። የሰውና የከተማ ኑሮ ክሊፕ ላይ ግን እኔ ፔክስልስን አስቀድማለሁ፤ አቀራረጹ የተሻለ ነው።

ፕሮግራም ጽፋችሁ በኤፒአይ (ፕሮግራም ከድረ ገጹ ጋር በቀጥታ በሚነጋገርበት መንገድ) በኩል ምስል የምትጎትቱ ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። የፔክስልስ ኤፒአይ ቪዲዮ ሲፈለግ ቅርጽና መጠን ይቀበላል፤ በአንድ ገጽ እስከ 80 ውጤት ይሰጣል። መነሻ ገደቡ በሰዓት 200፣ በወር 20,000 ጥያቄ ነው። በኤፒአይ ስትጠቀሙ ወደ ፔክስልስ የሚወስድ ሊንክ በግልጽ እንድታሳዩ ይጠይቃል። ፒክሳቤይ በደቂቃ 100 ጥያቄና በአንድ ገጽ እስከ 200 ውጤት ይፈቅዳል፤ ያገኛችሁትን ውጤት ግን ለ24 ሰዓት እንድታስቀምጡት ግድ ይላል። ዋናው ጉድለቱ የቪዲዮ ፍለጋው የቁመትና የወርድ ምርጫ አለመቀበሉ ነው። ለፎቶ አለው፣ ለቪዲዮ የለውም። ዝቅተኛ ስፋትና ቁመት በፒክስል ማዘዝ ስለሚቻል መላ አይጠፋም፤ ቢሆንም የተመለሰውን ውጤት ፕሮግራማችሁ ራሱ እየለካ የማይሆነውን መጣል አለበት።

ርዝመትንም አትርሱ። የአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ስድስት ሰባት ሰከንድ ይወስዳል እንበል። ክሊፑ አራት ሰከንድ ከሆነ መሣሪያው ወይ ይደግመዋል ወይ መጨረሻው ላይ ያደርቀዋል። ሁለቱም ያስጠላል። ፔክስልስም ፒክሳቤይም በኤፒአይ መልሳቸው ውስጥ የእያንዳንዱን ክሊፕ ርዝመት በሰከንድ ይሰጣሉ። ከድምፁ ያጠረውን ሁሉ የሚጥል አንድ መስመር ኮድ ጨምሩ፤ ቪዲዮው ወዲያው ይለወጣል።

በቁመት የተቀረጸ ክሊፕ ሲጠፋስ?

ይሄ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በቁመት ብሎ ሲጣራ ውጤቱ ይሳሳል፤ በተለይ ስለ አፍሪካ ገበያ፣ ስለ ቡና እርሻ፣ ስለ በረሃ መንገድ ሲፈለግ። ያኔ የቁመቱን ፊልተር አንሱና የጥራቱን አጥብቁት። ሒሳቡ ቀላል ነው። የ4ኬ ክሊፕ 3840 በ2160 ፒክስል ነው። መሐሉን በ9 ለ16 ብትቆርጡት 1215 በ2160 ይተርፋችኋል። ቲክቶክ የሚፈልገው 1080 በ1920 ስለሆነ ከበቂ በላይ ነው። ፉል ኤችዲውን እንዲሁ ብትቆርጡት ግን የሚቀረው 607 በ1080 ገደማ ነው። ስልክ ላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ ትእዛዙ «በቁመት ከሆነ ፉል ኤችዲ ይበቃል፣ በወርድ ከሆነ 4ኬ ብቻ» መሆን አለበት። የ4ኬ ፋይል ዳታ ይበላል፤ በሞባይል ፓኬጅ የምትሠሩ ሰዎች ቁመቱን አስቀድማችሁ ብትሞክሩ ይሻላል።

ቋንቋን በተመለከተ ሁለቱም የፍለጋ ቋንቋ ምርጫ አላቸው፤ አማርኛ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የአማርኛ ስክሪፕት እንዳለ ለጥፎ ምስሉን ለመሣሪያው መተው ዕድልን መሞከር ነው። በየዓረፍተ ነገሩ ጎን የእንግሊዝኛ የፍለጋ ቃል ራሳችሁ ጻፉ። አሥር ዓረፍተ ነገር ያለው ስክሪፕት ቢሆን አንድ ስኒ ቡና ተጠጥቶ ሳያልቅ ይጠናቀቃል።

ሌላው የአደራደር ፊልተር ነው። ፒክሳቤይ ላይ ውጤቱ በታዋቂነት ወይም በአዲስነት ይደረደራል። ታዋቂው ጥሩ ነው፤ ግን ያንኑ ክሊፕ ሌላውም ሁሉ ይዞታል። ጎረቤት ያለው ሱቅ የተጠቀመበትን ፈገግተኛ ሻጭ እናንተም ይዛችሁ ብትመጡ አያምርም። በሳምንት ብዙ ቪዲዮ የምታወጡ ከሆነ ወደ አዲስ ቀይሩት።

የሚከፈልባቸው፦ ሹተርስቶክ እና አዶቢ ስቶክ

ገንዘቡ የሚገዛላችሁ ምንድን ነው? በአብዛኛው ፊልተርና የሕግ ዋስትና። ሹተርስቶክ ላይ ርዝመት፣ የፍሬም ፍጥነት (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት)፣ ጥራት፣ ቅርጽ ሁሉ ገጹ ላይ አለ። ከሁሉ የሚጠቅመው የሰው ፊልተር ነው። ሰው ይኑርበት ወይስ አይኑርበት? ስንት ሰው? ዕድሜው? ፆታው? ለክሊኒክ ማስታወቂያ አንዲት እናት ብቻ እንድትታይ ከፈለጋችሁ ሌላውን ሁሉ ዘግታችሁ መፈለግ ትችላላችሁ። ነጻዎቹ ላይ ይሄ የለም።

የዘር ፊልተሩን ግን ከልክ በላይ አትመኑት። «አፍሪካዊ» የሚለው ምርጫ አህጉሩን በሙሉ ይዞ ነው የሚመጣው። የሌጎስ ቢሮም፣ የናይሮቢ ካፌም፣ የደቡብ አፍሪካ ስቱዲዮም እዚያ ውስጥ ናቸው። ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ ሐረሪ፣ አማራ፣ አርጎባ ተደባልቆ የሚኖርበትን የእኛን ሰፈር የሚያውቅ ፊልተር የለም። እጅ፣ ዕቃ፣ እህል፣ መንገድ ብቻ የሚያሳይ ክሊፕ ፊት ከሚያሳየው ይልቅ ብዙ ጊዜ ያድናል። «ሰው የሌለበት» የሚለውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጥቅም የኤዲቶሪያል ፊልተር ነው። ኤዲቶሪያል ተብሎ የተለየ ምስል ለዜናና ለትምህርት እንጂ ለማስታወቂያ አይሆንም፤ በምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች ወይም ንብረቶች ለንግድ የሚሆን ፈቃድ አልተፈረመላቸውም። የኢትዮጵያ ቦታዎችና በዓላት ምስሎች ላይ ይሄ ምልክት በብዛት ይገኛል። ለሆቴል ማስታወቂያ እየሠራችሁ ኤዲቶሪያሉን ካልዘጋችሁት መሣሪያው በጣም ያማረውን፣ ለእናንተ ግን ያልተፈቀደውን ክሊፕ ሊያስገባላችሁ ይችላል።

አዶቢ ስቶክ በአንድ ነገር ይበልጣል፦ በሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የተፈጠሩ ምስሎችን አግልል የሚል ምርጫ አለው። ስለ ሐረር የሚሠራ ሰው ይህን ቁልፍ ሊወደው ይገባል። በኤአይ የተሠራ «ጥንታዊ የግንብ ከተማ» ከሩቅ ያምራል፤ ጠጋ ስትሉት ግን ከሞሮኮም ከየመንም የተውጣጣ፣ የትም የሌለ ከተማ ነው። የሐረርን ግንብ ጀጎልን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ሰው ሸዋ በርን ከሌላ በር ለመለየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም። አዶቢ ለፎቶ የሚሆን የባዶ ቦታ ፊልተርም አለው፤ ጽሑፍ የሚያርፍበት ክፍት ቦታ ያላቸውን ምስሎች ይመርጣል። የአማርኛ ፊደል በትልቁ ካልተጻፈ ስልክ ላይ ስለማይነበብ፣ ከላይ ወይም ከጎን ባዶ የሆነ ምስል ትልቅ ጥቅም አለው።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ የወር ነው ወይስ በየወሩ የሚቆረጥ የዓመት ውል? ሁለቱ አንድ አይደሉም። የዓመቱን መሐል ላይ ስታቋርጡ ቅጣት ሊኖረው ይችላል። በራሱ የሚታደስ መሆኑንም አረጋግጡ። የምትጠቀሙበት የቪዲዮ መሣሪያ ከነክፍያው የስቶክ ክምችት ይዞ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ሌላ ደንበኝነት መጨመር ትርፉ ድካም ነው። መጀመሪያ የመሣሪያውን የፍለጋ ገጽ ከፍታችሁ የትኞቹን ፊልተሮች እንዳሳለፈ እዩ። አንዳንዱ ክምችቱን ያመጣና ፊልተሩን ይተወዋል።

የቡናው ፈተና

አንድ ድረ ገጽ ከመምረጣችሁ በፊት በራሳችሁ ሙያ ፈትኑት። እኔ በቡና ልንገራችሁ። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው። «የቡና ዝግጅት» በሚል ጥቅል ቃል ብትፈልጉ ግን የሚመጣው በአመዛኙ የታጠበ ቡና ነው፦ መፈልፈያ ማሽን፣ የውኃ ገንዳ፣ በቦይ የሚወርድ ፍሬ። ምስሉ ያምራል፤ ለሐረር ቡና ግን ስህተት ነው። ገዢው ቡና አዋቂ ከሆነ ሻጩ የሚሸጠውን አያውቅም ይላል። ፊልተር እዚህ ላይ ብቻውን አያድንም፤ ቃሉን ማጥበብ ያስፈልጋል። «በፀሐይ የሚደርቅ የቡና ፍሬ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ፣ ሰው የሌለበት፣ ከስምንት ሰከንድ የማያንስ ብትሉ ሹተርስቶክ ላይ የሚሆን ነገር ታገኛላችሁ። ፔክስልስ ላይ ያው ቃል ይሠራል፤ ርዝመቱን ግን ራሳችሁ ትለካላችሁ። ፒክሳቤይ ላይ የምግብ ዘርፍን መምረጥ ወደ ስኒና ወደ ማኪያቶ ይመልሳችኋል፤ ዘርፉን ክፍት ተዉት።

ዊኪሚዲያ ኮመንስ

ይህ ሌላ ዓይነት ቤት ነው። የጀጎልን በሮች፣ የሐረሪ ቤት ውስጡን፣ የግንቡን ጠባብ መንገዶች፣ የድሬን የባቡር ጣቢያ በእውነተኛ ፎቶ የምታገኙት እዚህ ነው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ፎቶውን ያነሱ ተጓዦች ብዙ ናቸው። ፍለጋው በፈቃድ ዓይነት፣ በፋይል ዓይነትና በምስል መጠን ያጣራል።

ግን ሁለት ነገር። አብዛኛው ፎቶ ያነሳውን ሰው ስምና የፈቃዱን ዓይነት እንድትጠቅሱ ያስገድዳል፤ ይህን ከቪዲዮው ሥር መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው፣ መሣሪያው አያደርገውም። ቪዲዮዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ዌብኤም በሚባል ፎርማት ናቸው፤ ኤምፒ4 ብቻ የሚቀበል መሣሪያ ካላችሁ መቀየር አለባችሁ። ለአውቶማቲክ ሥራ አይመችም። በእጅ አሥራ አምስት ሃያ ፎቶ መርጦ ማውረድና መሣሪያው በዝግታ እያቀረበ እንዲያሳያቸው ማድረግ ግን ያዋጣል።

ለማን የትኛው?

የልብስ ወይም የስልክ መለዋወጫ ሱቅ ካላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ ብቻ የምትለጥፉ ከሆነ ፔክስልስ ይበቃችኋል። አትክፈሉ። አስተማሪ ወይም ማጠናከሪያ ትምህርት ሰጪ ከሆናችሁ ፒክሳቤይ፣ አኒሜሽኑን መርጣችሁ። ለክሊኒክ፣ ለሆቴል፣ ለቡና ላኪ ማስታወቂያ የምትሠሩ ሰዎች ሹተርስቶክን ለአንድ ወር ሞክሩ፤ የሌላ ሰው ስም ያለበት ሥራ ስለሆነ የፈቃዱ ጉዳይ አያጫውትም። ነጻዎቹም ቢሆኑ የሚታወቅ ፊትን በመጥፎ መልክ ማቅረብን፣ ሰውየው ዕቃችሁን የመሰከረ ማስመሰልንም ይከለክላሉ። ስለ በሽታ በሚያወራ ቪዲዮ ላይ የማታውቋትን ሴት ፊት ማስቀመጥ ሕጉ ባይኖርም ነውር ነው።

የሐረር አስጎብኚዎች ግን ከአምስቱ አንዱንም ብቻውን አትያዙ። በአሮጌ ፔጆ 404 ታክሲ ከፈረስ መጋላ አደባባይ መውጣትን፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች፣ ማታ የሚመገበውን ጅብ በቂ አድርጎ የሚያመጣ ፊልተር የለም። አንድ ጠዋትና አንድ ማታ በስልካችሁ ቅረጹ፤ በወርድ፣ በ4ኬ፣ እያንዳንዱን ከአሥር ሰከንድ ሳታሳንሱ። የሚታየውን ሰው አስፈቅዱ። ፋይሉን «ቪዲዮ 1» አትበሉት፤ መሣሪያው በሚፈልግበት ቃል ሰይሙት፣ ወደ መሣሪያው የራስ ማኅደር ጫኑት፣ ፍለጋው ከዚያ እንዲጀምር እዘዙት። ለሰማይ፣ ለአውሮፕላን፣ ለሻንጣ፣ ለካርታ ያህል ፔክስልስ ይጨመርበት።