የፊልም ተማሪዎች፣ «ፖርትፎሊዮ እንሠራላችኋለን» ለሚሏችሁ ቀብድ አትክፈሉ

የፊልም ትምህርት ቤት ማመልከቻ ሲቃረብ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር የሚቀርብ የራስ ሥራ ናሙና፣ እንሠራለን የሚል አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ይበዛል። «በአንድ ቀን ቀረጻ ፕሮፌሽናል ፖርትፎሊዮ! ድሮን፣ ሲኒማ ካሜራ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማት፣ የመግቢያ ዋስትና!» አንድ የቅርብ ዘመዴ ይህን ፓኬጅ ገዝቷል። ኤዲተር ስለሆንኩ ውሉንም ፊልሙንም አምጥቶ አሳየኝ።

ፊልሙ ያምራል። ችግሩ የልጁ አለመሆኑ ነው። ስክሪፕቱ የእነሱ፣ ካሜራማኑ የእነሱ፣ ኤዲቱ የእነሱ። የልጁ ድርሻ ሞኒተር ፊት ተቀምጦ «አክሽን» ማለት ነበር። መጨረሻ ላይ ግን «ዳይሬክተር» ተብሎ ስሙ በትልቁ ወጥቷል። ይባስ ብሎ ያው ድርጅት ለሌላ ደንበኛ የሠራውን ፊልም አየሁት። ያው ደረጃ፣ ያው ቀይ መብራት፣ ደረጃውን የምትወጣው ተዋናይም ያችው። የተቀየረው የዳይሬክተሩ ስም ብቻ ነው። ሁለቱ ለአንድ ትምህርት ቤት ቢያመለክቱስ?

ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራውን ካዩ በኋላ ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። «ካሜራውን እዚህ ለምን አስቀመጥከው? ሾቱን እዚህ ለምን ቆረጥከው?» ይላሉ። ሌላ ሰው ያሰበውን ምን ብላችሁ ታስረዳላችሁ? በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ድርሻችሁን በጽሑፍ የሚጠይቁም አሉ። እዚያ ላይ ያልሠሩትን ሠራሁ ብሎ መያዝ ከመውደቅ ይብሳል።

ውሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ጥሬ ቀረጻውና የኤዲቲንግ ፕሮጀክት ፋይሉ (ኤዲቱን እንደገና ከፍቶ ለመቀየር የሚያስችለው) ድርጅቱ ጋ ይቀራል፤ ከፈለጋችሁ ለብቻው ትከፍላላችሁ ይላል። ልጁ የተረከበው ጥግ ላይ የእነሱ ሎጎ ያረፈበት አንድ ኤምፒ4 ፋይል ነው። አንዱ ትምህርት ቤት አጭር ፊልም ይጠይቃል፣ ሌላው ፎቶና ጽሑፍ፣ ሌላው የደቂቃ ገደብ ያስቀምጣል። ስለዚህ ማሳጠርና ማስተካከል አይቀርም። ጥሬው ከሌለ ምኑን ታስተካክላላችሁ? ሙዚቃው የታወቀ ዘፈን ነበር፤ ፈቃድ የለውም። ልጁ ዩቲዩብ ላይ ሲጭነው ወዲያው የመብት ጥያቄ ቀረበበት።

የፊልሙ ሙሉ መብትም «የድርጅቱ ነው» ይላል። በዚያ መብት ተጠቅመው ለማስታወቂያ በራሳቸው ቻናል ለቀውታል። ቀድሞ ለሕዝብ የታየ ፊልም የማይቀበሉ ፌስቲቫሎች አሉ። እንግዲህ ያ በር ተዘጋ።

«ዓለም አቀፍ ሽልማት» የተባለውስ? በየወሩ የሚካሄድ የኦንላይን ውድድር ነው። መመዝገቢያ ከፍሎ የማይሸለም ያለ አይመስልም፤ ዋንጫውን ደግሞ በገንዘብ ይሸጡላችኋል። ፖስተር ላይ የሚለጠፈው ቅጠል መሳይ የሽልማት ምልክት ሥራውን የሚያውቅ ሰው አያታልልም። ፌስቲቫሉ ፊልሞቹን የት አዳራሽ አሳየ? ዳኞቹስ እነማን ናቸው? መልስ ካጣችሁ ተዉት። የመግቢያ ዋስትናው ላይ ጊዜ አላጠፋም። ተማሪ የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ እንጂ ካሜራ የሚያከራይ ድርጅት አይደለም።

በስልክ የተቀረጸ የራሳችሁ የሦስት ደቂቃ ፊልም ከዚህ ይሻላል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ነፃ ስሪት አለው፤ ለተማሪ ሥራ ይበቃል። ለድምፁ ከምስሉ እኩል ተጨነቁ፤ የጀማሪ ሥራ ቶሎ የሚያስጠላው በድምፁ ነው። ሾሪል፣ ማለትም ከተለያዩ ሥራዎቻችሁ የተቀነጨቡ ምርጥ ክሊፖች ስብስብ፣ ከሆነ ምርጡን ሾት መጀመሪያ አስቀምጡ፣ ከሁለት ደቂቃ አታስበልጡ። በእያንዳንዱ ክሊፕ ላይ «ካሜራ»፣ «ኤዲት»፣ የሠራችሁትን ብቻ ጻፉ። ሊንኩን ከመላካችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ክፈቱት። በፓስዎርድ የተቆለፈ፣ ፓስዎርዱ ግን ያልተላከ ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ብታውቁ ትስቃላችሁ።

የግድ ባለሙያ መቅጠር ካለባችሁ ጥሬ ቀረጻው፣ ፕሮጀክት ፋይሉና መብቱ የእናንተ እንደሆነ፣ ያለ ፈቃዳችሁም እንደማይለቀቅ ውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል «ችግር የለም» ያለ ሰው ለመጻፍ ካቅማማ ተነሱና ሂዱ።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ማስታወቂያውን፣ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሾት አንሱ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ላኩ። በካርድ ከከፈላችሁ ክፍያውን መቃወም ይቻል እንደሆነ ባንካችሁን ጠይቁ። «ሁሉንም ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርቡላችሁ ግን፣ ፋይሎቹን በራሳችሁ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ሳታዩ እንዳትፈርሙ።