በርሊን ለምትማሩ፦ ዶርም፣ ደባል ወይስ የብቻ ስቱዲዮ?

በርሊን ላይ ትምህርቱ ርካሽ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሴሚስተር መዋጮ በቀር አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ጣጣው ቤት ነው። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስቱንም ዓይነት ቀምሻቸዋለሁ፦ የተማሪ ዶርም፣ ጀርመኖች «ቬጌ» የሚሉት የደባል ቤት፣ እና የግል ድርጅት ከነዕቃው የሚያከራየው ስቱዲዮ። ከአዲስ አበባ የሚደውልልኝ ሁሉ የሚጀምረው «የቱ ይረክሳል?» ብሎ ነው። ዶርም ይረክሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የማስጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ «እዚህ ቤት አድራሻዬን ማስመዝገብ እችላለሁ?»

ጀርመን ውስጥ አዲስ ቤት የገባ ሰው በ14 ቀን ውስጥ የእኛን ቀበሌ የሚመስል መሥሪያ ቤት ሄዶ መመዝገብ አለበት። «አንሜልዱንግ» ይሉታል። አከራዩ «አዎ፣ እዚህ ገብቷል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት ይጠየቃል። ምዝገባው ከሌለ የመኖሪያ ፈቃዱ ይጓተታል። ሥራ ለመጀመር የሚያስፈልገው የግብር ቁጥርም የሚላከው በተመዘገባችሁበት አድራሻ በፖስታ ነው።

ዶርምና ስቱዲዮ በዚህ በኩል አያስቸግሩም። ወረቀቱን ከውሉ ጋር ይሰጧችኋል። አደጋው ደባል ላይ ነው። ክፍሉን የሚሰጣችሁ ሰው ራሱ ተከራይ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱ ስለ እናንተ ምንም ላያውቅ ይችላል። ያኔ «ግቡ፣ ግን እዚህ አትመዝገቡ» ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የገባሁት እንዲህ ያለ ቤት ነበር፣ ያውም የሀገሬ ልጅ ዘንድ። ኪራዩ ጥሩ፣ እንጀራው ጥሩ። ሁለት ወር ሙሉ ሳልመዘገብ ኖርኩ፤ ያገኘሁትም ሥራ በዚያው አመለጠኝ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ለተማሪ ቪዛ ብሎክድ አካውንት ውስጥ (በየወሩ የተወሰነ ብቻ የሚወጣበት የታገደ የባንክ ሒሳብ ነው) የሚቀመጠው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ዩሮ ይለቀቅላችኋል። የጤና መድኅን ከዚያ ላይ ወደ 145 ዩሮ ይወስዳል። የትራንስፖርት ትኬቱ ከሴሚስተር መዋጮው ጋር ስለሚከፈል በወር ሲታሰብ 35 ዩሮ ገደማ ነው። በእሱ መላ ጀርመንን በከተማ አውቶቡስና በክልል ባቡር ትዞሩበታላችሁ፤ ከኑሮው ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰኝ ወጪ እሱ ነው። እጃችሁ ላይ 812 ዩሮ ቀረ።

አሁን ኪራዩን ቀንሱ። ዶርም በ320 ካገኛችሁ 492 ዩሮ ይተርፋችኋል። እንደ ሰው ትበላላችሁ፣ ጫማም ትገዛላችሁ። በርሊን ውስጥ የደባል ክፍል አማካይ ዋጋ በ2024 ወደ 650 ዩሮ ደርሶ ነበር። በዚያ ከሄዳችሁ 162 ይቀራል፣ ፓስታና ምስር ነው። ስቱዲዮው 850 ከሆነ ገና ሳትበሉ 38 ዩሮ ትጎድላላችሁ። «ሠርቼ እሞላዋለሁ» የሚል ካለ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተማሪ የሚፈቀደው ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። ይበቃል፣ ግን የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሥራ ቶሎ ይገኛል ብላችሁ አትተማመኑ።

ዋጋ ስታወዳድሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማስታወቂያው ላይ «ካልት» ካለ ባዶ ኪራይ ነው፤ «ዋርም» ካለ ማሞቂያና ውኃ አለበት። ዶርምና ስቱዲዮ አብዛኛውን ጊዜ መብራቱንም ኢንተርኔቱንም ጠቅልለው ነው የሚነግሯችሁ። ደባል ቤት ግን እነዚህ በላዩ ይመጣሉ። በ500 ዩሮ አገኘሁ ብላችሁ ስትደሰቱ 580 ሆኖ ይቆያችኋል። ማስያዣውም አለ። ሕጉ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ በላይ መጠየቅ ይከለክላል፤ በሦስት ወር ከፋፍሎ መክፈልም መብታችሁ ነው።

ዶርም እንዲህ ከሆነ ለምን ሁሉም አይገባበትም? ወረፋ! በርሊን ላይ ዶርሞቹን የሚያስተዳድረው «ሽቱዲረንደንቬርክ» የሚባለው የተማሪዎች አገልግሎት ተቋም ነው። ተራው ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመትም ያልፋል። ስለዚህ የመቀበያ ደብዳቤው በደረሳችሁ ቀን አመልክቱ፤ ቪዛው እስኪወጣ አትጠብቁ። በደቡብ ምዕራብ በኩል ሽላህተንዜ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 የተከፈተ የተማሪዎች መንደር አለ። እሱን የሚያስተዳድረው ሌላ ማኅበር ስለሆነ ወረፋውም ለብቻው ነው። ሁለቱም ጋ መመዝገብ ምንም አይጎዳም።

ዶርም ኑሮው ድብልቅ ነው። ክፍሉ የብቻ፣ ወጥ ቤቱ የጋራ። ስሜን የጻፍኩበት ወተት ከፍሪጅ ጠፍቶብኝ ያውቃል፤ ማን እንደጠጣው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላው ችግር ጀርመንኛ አለመልመዳችሁ ነው። ከሕንድ፣ ከኢራን፣ ከናይጄሪያ የመጣው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው የሚያወራው። ዓመት ተኩል ኖሬ ዳቦ ከመግዛት ያለፈ ጀርመንኛ አልነበረኝም።

ቋንቋውን ያስተማረኝ የደባል ቤት ወጥ ቤት ነው። እዚያ ለመግባት ግን እንደ ሥራ ቃለ መጠይቅ አለ። «ካስቲንግ» ብለው ይጠሩታል። ሻይ ያቀርቡላችኋል፣ ምን እንደምትወዱ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ድስት እንደምታጥቡ ይጠይቋችኋል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ይመርጣሉ። እኔ አሥራ አንድ ቤት ሄጄ አሥራ ሁለተኛው ላይ ተሳካልኝ። ከገባችሁ በኋላ የጽዳት ተራ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ቀልድ የለም። ግን አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ነበር። በርሊን ሥጋና ወተት የማይነካ ወጣት ሞልቷል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሽሮና ምስሬ የቤቱ ሁሉ እራት ሆነ። ጤፉንና በርበሬውን ቬዲንግ ከሚባለው የበርሊን ሰፈር የአፍሪካ ሱቆች አመጣለሁ፣ እነሱ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

ደባል ስትፈልጉ ያለው ትልቁ ወጥመድ የሌለ ቤት ነው። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፣ ባለቤቱ «አሁን እንግሊዝ አገር ነኝ፣ ማስያዣውን ላኩልኝና ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» ይላል። ቁልፍ አይመጣም። እዚያ ያለ ሰው በአካል ሄዶ ሳያይላችሁ አንድ ዩሮ አትላኩ።

ስቱዲዮ ጥሩ ነገሩ ይህን ሁሉ ማስቀረቱ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ በኢንተርኔት ትይዙታላችሁ። በደረሳችሁበት ምሽት አልጋ አለ። ብዙዎቹ ግን ቢያንስ የስድስት ወር ውል ያስፈርማሉ፤ ቀድሞ መውጣት ቀላል አይደለም። ምድጃው ደግሞ ከአልጋው ሁለት ሜትር ላይ ነው። ቁሌት ካቁላላችሁ ካፖርታችሁም ትራሳችሁም ለሳምንት ቁሌት ቁሌት ይላል። ክረምት ላይ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሲጨልም፣ እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻዬን የተቀመጥኩበትን ጊዜ አልወደውም።

ደመወዝ ያለው የዶክትሬት ተማሪ ወይም ከባለቤቱ ጋር የሚመጣ ሰው ስቱዲዮ ቢይዝ አልፈርድበትም። በብሎክድ አካውንት ለመጣ ግን የእኔ ምርጫ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ነው፣ ከዩኒቨርሲቲው 50 ደቂቃ ቢርቅም። ከዚያ ወረቀቱም ከተማውም ሲገባችሁ፣ እግራችሁ እየዞረ ደባል ፈልጉ። ዶርም ካልደረሳችሁ ሁለተኛው ምርጫዬ መመዝገብ የሚፈቅድ ደባል ነው፣ 60 ዩሮ ቢወደድም።

አንድ የረሳሁት አለ። እዚህ አገር ለሬዲዮና ቴሌቪዥን በወር 18.36 ዩሮ ይከፈላል፤ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም። የሚታሰበው በቤት ነው። ደባል ቤት አራት ከሆናችሁ ለአራት ትካፈሉታላችሁ። ስቱዲዮ ላይ ሙሉውን ብቻችሁን ናችሁ። ዶርም ውስጥ እንደ ክፍሉ አሠራር ይለያያል፣ ስትገቡ ጠይቁ። ከተመዘገባችሁ በኋላ ደብዳቤ ይመጣላችኋል። ማስታወቂያ መስሏችሁ እንዳትጥሉት፤ እኔ ጥዬው የሰባት ወሩ ተደምሮ መጣ።