ያረጀ የሞተር ሳይክል መቀመጫ፦ ማሳደስ ወይስ በአዲስ መለወጥ?

የሞተር መቀመጫ ሲያረጅ ዓይን የሚያርፈው በተቀደደው ሽፋን ላይ ነው፤ ማሳደስ ይሻላል ወይስ አዲስ መግዛት ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን ከሥር ያለው፣ ማንም የማያየው ወለል ነው። ስለዚህ መርካቶ ወርዶ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት መቀመጫውን ፈትቶ መገልበጥ ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ይህ ከጎን ሽፋኖቹ ሥር ያሉትን ሁለት ብሎኖች በ10 ወይም በ12 ቁልፍ ከመፍታት ያለፈ ሥራ የለውም፤ በሌሎቹ ደግሞ መቆለፊያውን በቁልፍ ከፍቶ ማንሳት ብቻ ይበቃል።

ወለሉ ላሜራ ከሆነ ጠላቱ ዝገት ነው። በቀዳዳው የገባው የክረምት ዝናብ ስፖንጁ ውስጥ ተጠራቅሞ ለሳምንታት ስለሚቆይ ላሜራው የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ከታች ቡናማ ነጠብጣብ በታየ ጊዜ የላይኛው ፊት ከዚያ በፊት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ጫን ሲያደርጉት ካልሰረጎደና ሽፋኑን ነክሰው የሚይዙት የጠርዝ ጥርሶች ሳይሰበሩ ከተነሡ፣ ወለሉ ተፍቆና ጸረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ትንሽ ቀዳዳም በብየዳ ይደፈናል። ወለሉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን መታየት ያለባቸው የብሎን መግቢያዎቹና የመቆለፊያው ማንጠልጠያ ናቸው። እዚያ ላይ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ በማጣበቂያም ሆነ በማቅለጥ ቢጠገን የሰው ክብደትና የኮብልስቶን ንዝረት ተደራርበውበት ተመልሶ ይሰነጠቃል። በእኔ ግምት እንዲህ ያለውን መቀመጫ ማሳደስ ለፈረሰ ቤት ቀለም እንደ መቀባት ነው፤ ገንዘቡ ለአዲስ መቀመጫ ቢቀመጥ ይሻላል።

ወለሉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ጉዳይ ስፖንጁ ነው፤ ብዙ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው የሞተር መቀመጫ ስፖንጅ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ የተጋገረ ጠንካራ ፎም ሲሆን ክብደቱ በአንድ ሜትር ኩብ ብዙውን ጊዜ ከ50 ኪሎ ግራም በላይ ነው፤ ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ግን በ20ዎቹ ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በእጅ ሲጫኑት የፍራሹ ስፖንጅ የበለጠ የሚመች ይመስላል፤ ሲቀመጡበት ግን እስከ ወለሉ ይሰምጣል።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መቀመጫዬን ለአንድ ወንበር አልባሽ ጠዋት ሰጥቼ ማታ ስረከብ እንደ ሶፋ ተነፋፍቶ፣ በቀይ ክር ተጠልፎ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ከቸርችል ጎዳና ወደ ሜክሲኮ ስወርድ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ጥልቀት በወገቤ መለካት ጀመርኩ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ፀሐይ በወጣበት ቀን እንኳ ሱሪዬ እየረጠበ ቢሮ እገባ ጀመር፤ የሚያምረው ቀይ ስፌት ያለፈው በመቀመጫው መሐል ለመሐል ስለነበር እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ ውኃ ያስገባ ነበር። ሽፋኑን ስገልጠው ሁለት የፍራሽ ቁራጮች በማስቲሽ ተጣብቀው አገኘሁ፤ የፋብሪካው ስፖንጅ ተቆርጦ ተጥሏል። ሞያተኛው ዋሸኝ ማለት አልችልም፣ ምን እንደሚያስገባ አልጠየቅሁትም።

የፋብሪካው ስፖንጅ በጣቶች መካከል ሲፈተግ እንደ በሶ ቢጫ ዱቄት ካልሆነ በቀር ሙሉ በሙሉ መጣል የለበትም። ጥሩ ሞያተኛ የሰመጠውን ክፍል ብቻ በስለት አንሥቶ፣ በቦታው ጠንካራ ፎም አጣብቆ፣ ቅርጹን በመፋቂያ ብራሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሎ፣ ከላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ለስላሳ ስፖንጅ ያነጥፍበታል። ውኃ እንዳያስገባም ከሽፋኑ ሥር ቀጭን ላስቲክ ያለብሰዋል። ማሳደስ ከአዲስ ግዢ የሚበልጥበት ዋናው ምክንያት እዚህ ላይ አለ፦ አዲስ መቀመጫ ለሁሉም የተሠራ ልክ ነው፤ የሚታደሰው ግን እግሩ መሬት የማይደርስለት ሰው ዝቅ ሊያስደርገው፣ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያደርስ የሚውል ሰውም ከፊት ሰፋና ጠንከር ሊያስደርገው ይችላል።

ሽፋንን በተመለከተ፣ ሻጮች «ሌዘር» ብለው የሚያቀርቡት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው ሠራሽ ነው፤ ይህም ለሞተር የሚሻለው ነው። በቆዳ ሀገር ተቀምጦ እንዲህ ማለት ቅር ቢያሰኝም፣ እውነተኛ ቆዳ ዝናብ ይጠጣል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። መመረጥ ያለበት ጀርባው ላይ የተሸመነ ጨርቅ ያለው፣ ሲለጥጡት የሚመለስ፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጭኑን ሽፋን ቶሎ ታደርቀዋለች፤ ጥቁር ሲሆን ደግሞ ከቀትር በኋላ አይቀመጡበትም። ክሩ ናይለን ወይም ፖሊስተር ይሁን፣ የጥጥ ክር ይበሰብሳል። ስፌቱ ከተቻለ በጎንና በኋላ ብቻ ይለፍ። በፕላስቲክ ወለል ላይ የሚመታው የስቴፕለር ሽቦ የማይዝግና አጭር፣ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል፤ ረጅሙ ወለሉን በስቶ ከሥር የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሊነካ ይችላል።

አዲስ ሙሉ መቀመጫ መግዛት ከዚህ ሁሉ ክርክር ያሳርፋል። ወለሉ፣ ስፖንጁ፣ ሽፋኑና ማንጠልጠያው በአንድ ላይ ስለሚመጡ በግማሽ ሰዓት ገጥመው ወደ ሥራ ይመለሳሉ፤ በሞተሩ የዕለት ጉርሱን ለሚያገኝ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ዋጋው በአብዛኛው ከማሳደሱ ይበልጣል፤ የሚገኘውም በከተማው ለበዙት ሞዴሎች ነው። እንደ ቦክሰርና አፓቼ ያሉትን የሚነዳ ሰው ምርጫ አለው፤ ከድርጅት በጨረታ የወጣ የቆየ ያማሃ ዲቲ ወይም ኤጂ የሚነዳ ግን ብዙውን ጊዜ ከማሳደስ ሌላ መንገድ የለውም።

ኦሪጅናል ከሚባለውና ከቅጂው መካከል ለመለየት ማሸጊያውን ማመን አይበቃም። መቀመጫውን በሁለት እጅ መሐሉ ላይ ተጭኖ ሲለቁት ቶሎ የማይመለስ ከሆነ፣ ወይም አውራ ጣት ወለሉን ከላይ በቀላሉ ከነካ፣ ስፖንጁ ከላይ እንደነገርኩት ፍራሽ ነው። ገልብጦ የብሎን መግቢያዎቹ በብረት መጠናከራቸውንና የጎማ መደገፊያዎቹ ሁሉ መኖራቸውን ማየት ይገባል። የሞዴሉ ስም አንድ ሆኖ የተመረተበት ዓመት ሲለያይ ማንጠልጠያውም ሊለያይ ስለሚችል፣ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲኬድ አሮጌውን መቀመጫ ይዞ ሄዶ ሁለቱን ሆድ ለሆድ ማስተያየት ከየትኛውም የሻጭ ማረጋገጫ ይበልጣል። ያገለገለ ኦሪጅናል መቀመጫ ደግሞ ሽፋኑ የተቀዳደደ ቢሆን እንኳ ወለሉና ስፖንጁ ደኅና ከሆኑ፣ ገዝቶ ማልበስ እኔ ከአዲስ ቅጂ የማስቀድመው ምርጫ ነው።

ከላይ የሚጠለቁት ባለ ላስቲክ ሽፋኖች ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ጥቅማቸውም እንደዚያው። የተቀደደውን ይደብቃሉ፣ ውኃውን ግን ከሥራቸው አቁረው የላሜራውን ዝገት ያፋጥናሉ። ለአንድ ሳምንት ካልሆነ አልመክርም።

ለማሳደስ የወሰነ ሰው የሚገባውን ስፖንጅ ሽፋኑ ከመልበሱ በፊት እንዲያሳዩት ይስማማ፣ ቀብዱንም በዚያው ልክ ያድርግ። የድሮው ሽፋን ለአዲሱ መቁረጫ ልክ ሆኖ ስለሚያገለግል ቤት ውስጥ ቀዶ መጣል አይገባም። ከ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ወዲህ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ቦታ ስለቀየሩ፣ ስፌቱ ቢተረተር የት እንደሚመለስ ለማወቅ የሞያተኛውን ስልክ መያዝም ያስፈልጋል።

አዲስ የገዛም ቢሆን አሮጌውን ወዲያው ለቁራሌው አይስጥ። አዲሱ ተገጥሞ አንድ ሳምንት እስኪነዳ፣ መቆለፊያው ሳይላላ፣ ጫፉም ነዳጅ ታንከሩን ሳይፍቅ መቆየቱ እስኪታይ ድረስ፣ የጎደለ የጎማ መደገፊያ ወይም የማይመጥን ማንጠልጠያ የሚተካው ከዚያው ከአሮጌው ነው።