ለሆድ ውስጥ መግል የሚታዘዙ አንቲባዮቲኮች፦ ሜትሮኒዳዞል ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር

ጎንደር ውስጥ በፋርማሲ ባለሙያነት ስሠራ፣ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ሆዱ ውስጥ መግል ለቋጠረ ሕመምተኛ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ሁሉ በብዛት በእጄ ያለፈው ሜትሮኒዳዞል ነው። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ አስታማሚዎች «ይኼ ርካሹ ያድነዋል ወይ?» እያሉ በሥጋት ይጠይቁኛል፤ በቦታው እስከዋለ ድረስ ከውዶቹ እንደማያንስ አረጋግጬ እነግራቸዋለሁ።

በእንዲህ ዓይነቱ መግል ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስ ያለ ኦክስጅን የሚኖር የአንጀት ባክቴሪያ ሲሆን፣ የለበሰው ሽፋን ራሱ መግሉ እንዲቋጠር ያደርጋል። ሜትሮኒዳዞል መግሉ ውስጥ ዘልቆ ይገባና የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ይሰባብራል። ክሊንዳማይሲን ቀድሞ የሚታመንበት መድኃኒት ነበር፤ አሁን ግን ይኸው ባክቴሪያ በብዙ ቦታ ስለተላመደውና ከባድ ተቅማጥም ሊያስከትል ስለሚችል ለዚህ ሕመም አልመርጠውም። ፒፐራሲሊን ታዞባክታም (ሁለቱ በአንድነት የሚሰጡ ጥምር መድኃኒት) እና ሜሮፔነም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይበቃሉ፤ ነገር ግን በጠና ለታመመ ሰው ሊቆዩልን የሚገቡ ናቸው።

የሜትሮኒዳዞል ዋና ጉድለት ኦክስጅን ባለበት የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ ኢ ኮላይን፣ አለመንካቱ ነው፤ ስለዚህ እነሱን ከሚያጠቃው ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ከሴፍትሪያክሶን ጋር ይሰጣል። ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ግን መግሉን ማውጣት ነው። የእህቴ ልጅ በአንድ ክሊኒክ የሜትሮኒዳዞል ክኒን ብቻ ታዞለት ቤት ተኝቶ ሳለ፣ በየምሽቱ ትኩሳቱ እየጨመረ ሄደ፤ በአልትራሳውንድ ታይቶ መግሉ በቱቦ ሲወጣ ሽታው ክፍሉን ሞላው፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ግንባሩ ቀዝቅዞ ምግብ ጠየቀ። ያ ክፉ ሽታ ራሱ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩት ባክቴሪያዎች መኖራቸውን ይጠቁማል፤ ለላቦራቶሪ የተወሰደው የመግል ናሙና አየር ከነካው ስለሚሞቱ «ምንም አልበቀለም» የሚል የላቦራቶሪ ውጤት ብቻውን መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

መግሉ በደንብ ከወጣ በኋላ አንቲባዮቲክ 4 ቀን ያህል መውሰድ ከ8 ቀን የማያንስ ውጤት እንዳለው በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ ለአስታማሚ ኪስም ትልቅ እፎይታ ነው። የሜትሮኒዳዞል ክኒን አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል፣ ማቅለሽለሽም አለው። በጥምቀት ሰሞን ከሆስፒታል ለሚወጡ ጠላና አረቄ በየቤቱ ስለሚቀርብላቸው፣ መድኃኒቱን እየወሰዱም ሆነ ከጨረሱ በኋላ ቢያንስ ለ3 ቀን እንዳይቀምሱ ደጋግሜ አሳስባቸዋለሁ።